ቱቦው ውስጥ የሚያስለው ሰው

ስሜን አልጽፍም። ታሪኩ ግን የሆነ ነው። አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም። ሥራዬ መጻፍ ስለሆነ መቼ እንደምጨምርና መቼ እንደማልጨምር አውቃለሁ።

ቀኑ እሑድ ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ከሃያ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

ቦታው አንድ የድሮ ሲኒማ ቤት ነው። አሁን ቲያትር ይታይበታል።

የኛ ቲያትር የመጀመሪያ ትርዒት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጀምራል። በኋላ በር ልገባ ስል አዲሱ ዘበኛ እጁን ዘርግቶ አቆመኝ።

«ትኬት በፊት ለፊት ነው፣ እህቴ።»

«እዚህ ነው የምሠራው።»

«ምን ላይ?»

«የዛሬው ቲያትር ላይ...»

ሳቀ። «የዛሬውን እኮ አንድ ሰው ብቻውን ነው የሚሠራው። ሰውዬው ገብተዋል።»

የሚቀልድ መስሎኝ እኔም ፈገግ አልኩ። እሱ ፈገግታዬን ሲያይ አድናቂ መሰልኩት።

«ፎቶ ለመነሣት ከሆነ ሲወጡ ታገኚያቸዋለሽ» አለኝ፣ በደግነት።

«እኔ እኮ ነኝ የጻፍኩት።»

«ምኑን?»

«ቲያትሩን።»

ዞር ብሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ፖስተር በጣቱ አሳየኝ።

ድርሰት... ዝግጅት... ትወና...

ከሦስቱም ፊት ለፊት ያለው የአንድ ሰው ስም ነው። የአጎቴ።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ወደ ታች ወርጄ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን የማተሚያ ቤቱን ስልክ ቁጥር ሳይቀር አነበብኩ። የኔ ስም የትም የለም።

የመብራት ባለሙያው ከውስጥ ብቅ አለ። ሁላችንም ሻማ ነው የምንለው።

«አስገባት እንጂ፣ የሰውዬው የእህት ልጅ ናት» አለው ዘበኛውን።

ወደ ራሴ ቲያትር የገባሁት በእህት ልጅነት ነው።

አጎቴን ጋሼ እለዋለሁ። እናቴ ታላቅ እህቱ ነበረች። እሷ ስታርፍ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ወስዶ ያሳደገኝ እሱ ነው። ሚጡ ይለኛል። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼም፣ ሃያ አምስት ዓመት ሞልቶኝም ሚጡ ነኝ።

ድሮ አንቱ የተባለ ተዋናይ ነበር። አሁን ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ቃል ይጠፋዋል። መድረክ መሐል ቆሞ ዝም ይላል። ሁለት ቲያትር ቤቶች «እንደውልልዎታለን» ብለውት ሳይደውሉ ቀርተዋል።

ሲጋራ ስለሚያጨስ ያስለዋል። የጋሼን ሳል አንዴ የሰማ አይረሳውም። ሁለቱ አጠር አጠር ይሉና ሦስተኛዋ እንደ ደረቅ እንጨት ትሰነጠቃለች። ለሳሉ ብሎ የሚንት ከረሜላ ከኪሱ አይለይም። መምጠጥ አያውቅም። ይቆረጥመዋል።

ይህ ቲያትር የሱ የመጨረሻ ዕድል ነበር። የኔ ደግሞ የመጀመሪያዬ።

ታሪኩን ያገኘሁት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ሽፋኑ ከተገነጠለ መጽሐፍ ነው። አንድ ዘመን ሰው ሁሉ እየፈራ ያነበበው የባሕር ውስጥ ታሪክ ነው።

ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። ታናሹ ጠላቂ ነው፣ የሰመጠች መርከብ ውስጥ ይገባል። ታላቁ ጀልባ ላይ ሆኖ ገመዱን ይይዝለታል። ታናሹ መርከቧ ሆድ ውስጥ የተዘጋ በር ያገኛል። ለቀልድ ያንኳኳል።

ከውስጥ ይንኳኳል።

ገመዱን ሦስት ጊዜ ይስባል። አውጡኝ ማለት ነው። ከላይ መልስ የለም። ደግሞ ሦስት። ደግሞ ሦስት። ከዚያ ገመዱ ይላላል፣ ጫፉም ቀስ እያለ ከላይ ይወርዳል። ታላቅ ወንድሙ ለቆታል።

ለምን እንደለቀቀው ታሪኩ አይናገርም። እኔም ስጽፈው ምክንያት አልፈለግሁለትም።

ስምንት ወር ፈጀብኝ። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በጋሼ ትንፋሽ ልክ ነው የቆረጥኩት። የት ላይ እንደሚያስለው አውቃለሁ፣ እዚያ ላይ ነጥብ አደረግሁለት።

«ስምሽ ከኔ ስም በላይ ነው የሚጻፈው» አለኝ አንብቦ የጨረሰ ቀን። «ከላይ። በትልቁ።»

ዕቃውን ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ገዛነው። የእውነተኛ ጠላቂ ዕቃ ነው። ፊቱ ላይ ክብ መስታወት ያለው የመዳብ ሄልሜት፣ የአየር ቱቦና ገመድ። በኛ ከተማ ባሕር የለም። ከየት እንደመጣ ሻጩም አያውቅም።

ሄልሜቱ ጎኑ ላይ እብጠት አለው።

«ወድቆ ነው» አለ ጋሼ።

ወድቆ ቢሆን ወደ ውስጥ ይገባ ነበር። ይኼኛው ወደ ውጭ ነው ያበጠው። ያኔ ነገሬ አላልኩትም።

ሄልሜቱ ውስጥ ማይክ አስገባንለት። ጮክ ያለውን ንግግር ብቻ ለአዳራሹ ያሰማል፣ ሹክሹክታ አይዝም። ቱቦው ደግሞ ከጆሮው ኋላ ተነሥቶ፣ በመድረኩ ወለል ላይ ሄዶ፣ ከመጋረጃ ጀርባ እኔ ጋ ይደርሳል። አሥራ ሁለት ሜትር ነው። እኔው ነኝ የለካሁት። ቃል ሲጠፋበት በቱቦው ሹክ እለዋለሁ። በዚያው ቱቦ የሱም ትንፋሽ ወደ ጆሮዬ ይመጣል።

ገመዱ አንዱ ጫፍ ወገቡ ላይ፣ ሌላው ጫፍ እጄ ላይ ነው።

አንድ ጊዜ ከሳበው ቃል ጠፋኝ ማለት ነው።

ሦስት ጊዜ ከሳበው የቲያትሩ ነው።

«አንድ ሲሆን የኔ ነው» አለኝ በልምምድ ጊዜ። «ሦስት ሲሆን የሰውዬው፣ የጠላቂው ነው። ሦስት ሲሆን ብሞት እንኳ እንዳትነኪው። ያቺን ቦታ ካበላሸሽብኝ አለቀልኝ።»

ተሳሳቅን።

አንድ ነገር ብቻ ያስቸግረን ነበር። ትንፋሹ መስታወቱን ያደበዝዘዋል። ሻማ ሁልጊዜ ይነጫነጫል። «ፊቱን ካላየሁ ምኑን ነው የማበራው፣ ድስቱን?» ይላል። እኔ መስታወቱን ሳሙና እቀባዋለሁ። ያም ሆኖ አሥር ደቂቃ አይቆይም።

እንግዲህ ወደ እሑዱ ልመለስ።

ጋሼ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ፣ መስታወት ፊት ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ ፖስተሩን አየሁት።»

«አማረ አይደል?»

«ስሜ የለም።»

ከረሜላውን ቆረጠመ። በመስታወቱ ውስጥ አየኝ እንጂ አልዞረም።

«ቦታ ጠበበን፣ ሚጡ።»

«ያንተ ሦስት ጊዜ ገብቷል።»

«ሰው የሚመጣው በኔ ስም ነዋ። አንቺን ማን ያውቅሻል? ደሞ አንቺ ሰው ሲያይሽ መጋረጃ ኋላ የምትገቢ ልጅ ነሽ፣ ስም ምን ያደርግልሻል?»

«ቃል ገብተህልኝ ነበር።»

«ረሳሁታ። መርሳቴን ካንቺ በላይ ማን ያውቃል?» አለና ሳቀ። ሳቁን ሳሉ አቋረጠው። ሁለት አጠር አጠር ያሉ... ከዚያ የተሰነጠቀችው።

እኔ መቆጣት አልችልበትም። ስናደድ ዝም ነው የምለው።

ሄልሜቱን አንሥቼ አጠለቅሁለት። አራቱን ብሎኖች አንድ በአንድ አጠበቅሁለት። በመስታወቱ ውስጥ ጠቀሰኝ።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ አልኩ በልቤ። አንዴ ገመዱን ሲስብ ዝም እለዋለሁ። ያለኔ ማን እንደሆነ ትንሽ ይየው። ከዚያ እሰጠዋለሁ።

ያሰብኩት ይሄን ብቻ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት። አዳራሹ ጢም ብሏል። ሻማ መብራቱን ሰማያዊ አደረገው።

ከጥቁሩ መጋረጃ ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀምጫለሁ። በቀኝ እጄ ገመዱ፣ በግራ እጄ የቱቦው ጫፍ፣ ጉልበቴ ላይ ድርሰቴ። ጋሼ በጎን ይታየኛል።

እስከ ገጽ አሥራ ስድስት ድረስ ሰባት ጊዜ ቃል ጠፋው። ሰባቱንም ሰጠሁት። ሰባቱንም የራሱ አድርጎ ተናገራቸው።

ገጽ አሥራ ሰባት። መስመሩ «ወንድሜ፣ እዚህ ታች ብርሃን አለ» የሚል ነው።

ዝም አለ።

ገመዱ አንዴ ተሳበ።

ዝም አልኩ።

አንድ... ሁለት... ሦስት...

ከፊት ረድፍ የአንድ ሰው ወንበር ሲንቋቋ ተሰማኝ።

ገመዱ እንደገና ተሳበ። በቱቦው የሚመጣው ትንፋሽ ፈጠን ፈጠን አለ።

«ሚጡ...» አለኝ በሹክሹክታ። «ሚጡ፣ ቀጥሎ ምንድን ነው?»

ልሰጠው ነበር። አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ያ ፖስተር ፊቴ ላይ ድቅን አለ። የቱቦውን ጫፍ በመዳፌ ከደንኩት።

አራት... አምስት...

መዳፌን የሆነ ነገር ኮረኮረኝ።

ሰው አፉን መዳፋችሁ ላይ ገጥሞ ሲያወራ እንዴት እንደሚል ታውቃላችሁ? ልክ እንደዚያ። ሙቀት ግን የለውም።

መጀመሪያ ጋሼ መሰለኝ። ወዲያው ግን በድምፅ ማጉያው ሲያስል ሰማሁት። እሱ እያሳለ፣ መዳፌ ላይ ያለው ወሬ አልተቋረጠም።

ሌላ ሰው ነው። ቱቦው ውስጥ።

እጄን ማንሣት ፈራሁ።

ጋሼ ጭንቅላቱን ወደ ጎን አዘነበለ። የሚያዳምጥ ሰው አዘነባበል ነው። ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆሞ ተናገረ።

«ወንድሜ፣ በሩ ከውስጥ ነው የተቆለፈው። ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ።»

ይሄን እኔ አልጻፍኩትም።

ከፊት ረድፍ ያሉት አንገታቸውን አሰገጉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ሁሉም ልክ ነው፣ ቃል በቃል። አሥራ አራት ገጽ ሙሉ ገመዱ አንዴም አልተሳበም።

ነጥብ ያደረግሁለት ቦታ ሁሉ ላይ አንዴም አላሳለውም።

እውነቱን ልናገር። በዚያ ሰዓት ከፍርሃቴ ይልቅ ቅሬታዬ በለጠ። ለካ ያለኔም ይችላል፣ አልኩ።

ገጽ ሠላሳ አንድ።

ሦስቱ መሳብ እዚህ ላይ ነው።

አንድ። ሁለት። ሦስት። ገመዱ እጄን ነጨው። በልምምድ እንዲህ በርትቶ ስቦት አያውቅም።

ድርሰቴ «መልስ የለም» ይላል። ዝም አልኩ።

ግን አንድ ነገር ልክ አልነበረም... ገመዱ ወደ መድረኩ መሐል አልነበረም የሚጎትተኝ። ወደ ታች ነበር።

መዳፌን ከቱቦው ላይ አነሣሁ።

«ሚጡ።»

የጋሼ ድምፅ ነው። ቀጭን፣ ሩቅ። ጉድጓድ ውስጥ ያለ ሰው ድምፅ።

«ሚጡ... ሦስቱ የኔ ነው። የሰውዬው አይደለም። የኔ ነው።»

በዚያው ቅጽበት ድምፅ ማጉያው አዳራሹን አናወጠው።

«ወንድሜ፣ ከላይ አለህ?»

ይሄም የጋሼ ድምፅ ነው።

ሁለቱ እኩል ነው የተናገሩት። ቃላቸው ግን የተለያየ ነው።

ቀና ብዬ መድረኩን አየሁ። ሰውዬው ሁለት እጆቹን ወደ ተመልካቹ ዘርግቶ ቆሟል። ገመዱን የሚነካው የለም።

ገመዱ ተሳበ። አንድ። ሁለት። ሦስት።

«ሚጡዬ፣ ሳቢኝ። በናትሽ።»

በእናቴ ለምኖኝ አያውቅም።

ደግሞ ሦስት። የመጨረሻው ነው። ድርሰቱ ጉልበቴ ላይ ተከፍቷል። ቀጣዩን መስመር በራሴ እጅ ነው የጻፍኩት። «ታላቅ ወንድሙ ገመዱን ይለቃል።»

ያን ጊዜ ምን እንዳሰብኩ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። አዳራሹ ሙሉ ሰው አለ። ብስበው ትርዒቱ ይበላሻል። ብሞት እንኳ እንዳትነኪው ብሎኛል። እነዚህ ሁሉ ጥሩ ምክንያቶች ናቸው።

ሌላም ነበረኝ። እሱን ከላይ ነግሬአችኋለሁ።

ለቀቅሁት።

ገመዱ በወለሉ ላይ እየተንሸራተተ ሄደ። ሰውዬው እጥፍ በእጥፍ ሰበሰበው። ባዶውን ጫፍ ከፍ አድርጎ ለሕዝቡ አሳየ።

መብራቱ ጠፋ።

ጭብጨባው እንደ በረዶ ወረደ። ሰው ተነሥቶ ነው ያጨበጨበው።

የቱቦውን ጫፍ ጆሮዬ ላይ አደረግሁት። እዚያ ጭብጨባ የለም። ሳል አለ። ሁለት አጠር አጠር ያሉ... ሦስተኛዋ በጣም ከሩቅ ተሰነጠቀች።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ብሎኖቹን የፈታሁት እኔ ነኝ።

ሄልሜቱ ሲወልቅ ጋሼ ፈገግ ብሎ አየኝ። ፊቱ ላይ ላብ የለም። አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ መዳብ ውስጥ ቆይቶ ፀጉሩ አልረጠበም።

ሻማ እየሮጠ ገባ። «ዛሬ መስታወቱን ምን ቀባሽው? ከመሐል ጀምሮ እንደ ሙሽራ ፊት ያበራ ነበር። አንዴም አልደበዘዘም።»

«ምንም አልቀባሁትም» አልኩ። እውነቴን ነው። ተናድጄ ሳሙናውን ረስቼዋለሁ።

ጋሼ ትከሻዬን ያዝ አደረገ። «በጣም ጥሩ ጽፈሻል፣ ደራሲዋ» አለኝ።

ደራሲዋ።

በሕይወቴ ሙሉ ያን ቃል ከሱ አፍ ስጠብቅ ነበር። ሚጡ ብሎኝ ቢሆን ምን ነበረበት።

ጠረጴዛው ላይ የከረሜላው ከረጢት ተከፍቶ ተቀምጧል። ዞር ብሎ አላየውም። እስከ ዛሬም አላየውም።

ማክሰኞ አዲስ ፖስተር ተለጠፈ። ስሜ ከላይ ነው። በትልቁ። ዘበኛው ባየኝ ቁጥር ከወንበሩ ይነሣል።

ቤት ውስጥ የጋሼ ሚስት ደስታዋን አልቻለችውም።

«ማጨስ ተወ። ማሳል ተወ። ማንኮራፋት ተወ። እንደ አዲስ ሰው ሆነልኝ» አለችኝ ልብስ እያጣጠፈች። ከዚያ ድምፅዋን ቀነስ አደረገች። «ብቻ...»

«ብቻ ምን?»

«ሲተኛ ዓይኑን አይከድንም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እኔ እንጃ። እርጅና ነው መሰለኝ» አለችና ሸሚዙን ደረቷ ላይ አስደግፋ አጠፈችው።

በየሳምንቱ እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቲያትሩ ይታያል። ሰውዬው አንድ ቃል አይስትም። እኔ ከመጋረጃ ጀርባ እቀመጣለሁ። ገመዱን በጊዜው እለቃለሁ። አሁን ሦስቱን የሚስበው ራሱ ነው። ሲስብ አየዋለሁ።

ቱቦውን ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ጆሮዬ ላይ ማድረግ አልደፈርኩም።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ፣ ሰኞ ጠዋት፣ አዳራሹ ባዶ ሳለ ዕቃ ላስተካክል ገባሁ። ሄልሜቱ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ቱቦው አልተነቀለም።

ስጠቀልለው ከጫፉ ድምፅ ወጣ።

ሁለት አጠር አጠር ያሉ... ከዚያ አንዲት የተሰነጠቀች።

በስልኬ መብራት ሄልሜቱን ውስጡን አየሁት። ባዶ ነው።

«ጋሼ?»

የቱቦውን ጫፍ ጆሮዬ ላይ ገጠምኩት። ከዚያ...

«ሚጡ። ቀጥሎ ምንድን ነው?»

ግድግዳውን ተደግፌ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

«የት ነህ?»

«እስከ መጨረሻው ካልኩት ያወጡኛል መሰለኝ። ግን ይጠፋኛል። ቃሉ ይጠፋኛል።»

«ማን ነው የሚያወጣህ?»

«በሩ ኋላ ያሉት።»

«ጨለማ ነው?»

«አይ... ብርሃን አለ» አለኝ። «እዚህ ታች ብርሃን አለ። ባይኖር ይሻል ነበር።»

የከለከልኩትን መስመር ራሱ አገኘው።

ሻማን ጠርቼ ቱቦውን ሰጠሁት። «ስማው እስቲ» አልኩት። ጆሮው ላይ አደረገው። «አየር ነው» አለኝ ወዲያው። ግን ቱቦውን የመለሰልኝ በሁለት ጣቱ ነው። ጆሮውን በእጅጌው ጠረገ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ክፍል ውስጥ አይገባም። ስለ መስታወቱም አይቀልድም።

ያን ዕለት ከረጢቱ ውስጥ የቀረችውን አንዲት ከረሜላ ቱቦው ውስጥ ጣልኳት። ጫፉን ከፍ አድርጌ ያዝኩት። ስትንከባለል ሰማኋት።

አሥራ ሁለት ሜትር ነው ብያችኋለሁ።

ደቂቃ ሙሉ ተንከባለለች። ደግሞ ሌላ ደቂቃ። ሄልሜቱ ውስጥ ምንም አልወደቀም።

ከዚያ ከታች፣ ከሩቅ... ቀጭ።

ቆረጠማት።

ቱቦው ከረሜላ ያሳልፋል። ሰው አያሳልፍም። ሰው የሚያሳልፈው ገመዱ ነበር፣ እሱን ለቅቄዋለሁ።

የቀረኝ መጻፍ ብቻ ነው። ለማንም ሳልናገር፣ ክፍሌን ዘግቼ፣ አዲስ መጨረሻ ጻፍኩ። አንድ ገጽ ነው። ታላቅ ወንድሙ ገመዱን አይለቀውም። እጁ እየደማ ይስበዋል። ታናሹ ብርሃኑን ኋላው ትቶ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ... ጀልባዋ ላይ ይወጣል። ይተቃቀፋሉ። ስምንት ወር ሙሉ ከጻፍኩት ሁሉ ይበልጥ በጥንቃቄ የጻፍኩት ይቺን አንዲት ገጽ ነው።

በማግሥቱ ቁርስ ላይ ሰውዬው ዳቦውን ሳይነካው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነበር።

«ደራሲዋ» አለኝ። «መጨረሻውን እንዳትነኪው። እንዳለ ነው የሚያምረው።»

የጋሼ ሚስት ሻይ እየቀዳች ሳቀች። «እስቲ በቁርስ ሰዓት እንኳ ቲያትሩን ተዉት» አለች።

ገጹ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ቦርሳዬ ጭኔ ላይ ነው። ማንም አላነበበውም።

ቢሆንም ሄድኩ። ትናንት፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ። በሩን ከውስጥ ዘጋሁት። ቱቦውን አፌ ላይ ገጥሜ መስመር በመስመር ሹክ አልኩት። እሱም ተከትሎኝ ደገመው። አንድ ቃል አልሳተም። እንዲህ አሳምሮ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

የመጨረሻዋን ቃል ተናገረ።

ጠበቅሁ።

ሄልሜቱ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። መስታወቱ... ከውስጥ ቀስ እያለ ደበዘዘ። ተነሥቼ ቆምኩ። በደበዘዘው ላይ አንድ ጣት፣ ከውስጥ በኩል፣ አጠር ያለ መስመር አሰመረች። ከዚያ ሌላ መስመር ለማስመር ጀመረችና ተወችው።

መስታወቱ መልሶ ጠራ።

«ጨረስኩት» አለኝ በቱቦው። ሲያለቅስ ነው ወይስ ሲያስል አልለየሁትም። «አልመጡም። ቀጥሎስ ምንድን ነው፣ ሚጡ?»

ሌላ የጻፍኩት አልነበረኝም።

ድርሰቱን ከቦርሳዬ አወጣሁና ከገጽ አንድ ጀመርኩለት።